እቁባችሁን በስክሪን ጥራት አትለውጡ

በገዳሪፍ፣ በዶካና በገላባት፣ ከድንበሩ ወዲያም በመተማ ዮሐንስ ለምትኖሩ የዕድሜ እኩዮቼ፤

ልጆቻችሁን ልወቅስ አልመጣሁም። ልጅ አዲስ ነገር ያምረዋል፣ ያማረውን ይጠይቃል፤ በዚህ ጥፋት የለበትም። የምናገረው ከእናንተ ጋር ነው፤ ገንዘቡን የያዛችሁት እናንተ ናችሁና። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ፣ እቁብም ሲደርስ፣ በየቡናው ላይ የጌም ቤት ነገር ይነሳል። ጌም ቤት መክፈት ክፉ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ቤት እንጀራ በልቶበታል። ክፉው “ፕሌስቴሽን ፋይቭና ፎር ኬ ቴሌቪዥን ከሌለ ደንበኛ አይገባም” የሚለው ወሬ ነው። ይህን ሰምታችሁ ዶላር የምትበደሩ፣ የልጅ ማስተማሪያ የምትነኩ፣ የሚስቶቻችሁን ወርቅ የምታስይዙ ካላችሁ፣ ጊዜ ሳለ ስሙኝ።

ወሬው ገና ከመነሻው ውሸት ነው። የጌም ማሽን ሠሪው ኔንቴንዶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 በእጅ የሚያዘውን ጌም ቦይን ሲያወጣ ስክሪኑ ቀለም የሌለው፣ መብራትም የሌለው፣ አረንጓዴ መሳይ ነገር ነበር። በዓመቱ ተፎካካሪው ሴጋ ባለ ቀለምና ባለ መብራቱን ጌም ጊርን አመጣ። ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው ምርጫው ግልጽ ይመስል ነበር። ነገር ግን ጌም ጊር ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ዋጋውም ያነሰ ነበር። ጌም ቦይ በኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጌም ጊር 11 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረ። በማሽላ እርሻ መሃል ማታ ማታ በድንጋይ ራዲዮ ያዳመጠ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እሱ የድሮ ነው ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያስ በ2006 የሆነውን ተመልከቱ። ሶኒ ፕሌስቴሽን ስሪን ይዞ፣ ማይክሮሶፍትም ቀድሞ ባወጣው ኤክስቦክስ 360 በምስል ጥራት ይፎካከሩ ነበር። ኔንቴንዶ ያን ጊዜ ያወጣው ዊ የሚባለው ማሽን ግን ኤችዲ ምስል ጭራሽ አልነበረውም። የነበረው እጅ ሲወዛወዝ አብሮ የሚጫወት መቆጣጠሪያ ነው፤ ጨዋታ ነክተው የማያውቁ እናቶችና አያቶች ሳይቀሩ ሳሎን ውስጥ ቦውሊንግ ተጫወቱበት። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ፕሌስቴሽን ስሪ 87 ሚሊዮን ገደማ። ከሁሉም የሚገርመኝ ቀጣዩ ነው። ያው ኔንቴንዶ በ2012 ዊ ዩ የሚባል፣ በምስሉ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ማሽን አወጣና 14 ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ተዘጋ። ምስሉ ጠራ፣ ገዢው ጠፋ። ከዚያ በ2017 የመጣው ስዊች የራሱ ስክሪን 720 መስመር ብቻ ሆኖ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

የምታምኑኝ ግን ሌላውንም ወገን ስነግራችሁ ነው። በ2013 ፕሌስቴሽን ፎር ከኤክስቦክስ ዋን የተሻለ ምስል ይዞ ወጣ፣ አሸነፈም። ስለዚህ ጥራት ምንም አይደለም አልላችሁም። ያን ጊዜ ግን ከተወዳዳሪው በ100 ዶላር ይረክስ ነበር፤ የገዛውም ሰው መብራት የማይጠፋበት፣ ጥሩ ቴሌቪዥን ቀድሞ የተሰቀለበት ቤት ያለው ነው። ጥራት የሚፈርደው ሌላው ሁሉ ሲሟላ ነው። እዚህ ምን ተሟልቶልናል?

የእኛን ሰፈር ጌም ቤት ያቆመው ፕሌስቴሽን ቱ ነው። በ2000 ወጥቶ እስከ 2013 መጀመሪያ ተመረተ፤ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ እስከ ዛሬ የዓለም አንደኛ ነው። ፊፋ 14 በ2013 ሲወጣ ለእሱም ተሠርቶለት ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ማሽን አዲስ ጨዋታ ሲመጣለት አስቡት። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ሽቦውን በየትኛውም አሮጌ ሆዳም ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ታስነሱታላችሁ። ፕሌስቴሽን ፎርና ፋይቭ ግን ኤችዲኤምአይ ብቻ ናቸው፤ ቤት ያለው ቴሌቪዥን አይቀበላቸውም። ስለዚህ ማሽን ልትገዙ ሄዳችሁ ቴሌቪዥንም ትገዛላችሁ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ስታቢላይዘር ይጠይቃችኋል።

መብራቱን አስቡት። ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ መስመር መኖሩ ግን ማታ አምፖል ይበራል ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጭኑ ፕሌስቴሽን ቱ 50 ዋት አይሞላም፤ በአነስተኛ ሶላርና በመኪና ባትሪ ይሠራል። ፕሌስቴሽን ፋይቭ ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት 200 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ሳይቆጠር። ሦስት ማሽን የደረደረ ሰው ለጄኔሬተር ነዳጅ ሲሯሯጥ ይውላል። ሙቀቱም አለ። ሶኒ ራሱ ማሽኑ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይሠራ ይመክራል፤ የገዳሪፍ ሚያዝያ 40ን ያልፋል። አሮጌውም ሙቀት አይወድም፤ ግን ቢሞት በርካሽ ነው የሚሞተው።

ልጆቹ የማይነግሯችሁ ሌላ ነገር አለ። ሶኒ የፕሌስቴሽን መደብሩን በይፋ ከከፈተባቸው አገሮች ውስጥ ሱዳንም ኢትዮጵያም የሉም። አዲሱ ማሽን ደግሞ ጨዋታ ማውረድ፣ ማደስ፣ አካውንት መክፈት ይፈልጋል። በ2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሌስቴሽን ፋይቭ ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ እንኳ አብሮት አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል። ዲስክ እየተዋዋሰ የኖረ ጌም ቤት በዚህ ምን ይሆናል? በ2024 የካቲት ሱዳን ውስጥ ኔትወርክ ሲቋረጥ ስንቱ ቤተሰቡን በስልክ ማግኘት አቅቶት እንደነበር አልረሳችሁም። ያን ጊዜ በኢንተርኔት የሚያድር ማሽን የያዘ ሰው ሳጥን ታቅፎ ነበር የሚቀመጠው።

ስለ ብድሩ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ሲጀምር አንድ ዶላር 600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ በ2024 በጥቁር ገበያ 2,000ን አለፈ። በዶላር ተበድራችሁ በፓውንድ በሰዓት የምትሰበስቡ ከሆነ፣ ቤቱ ሞልቶ እየዋለ ዕዳው ይበልጣችኋል። የሚከፍላችሁን ልጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የቀን ሠራተኛ ነው፣ የሻይ ቤት አስተናጋጅ ነው፣ ከኡም ራኩባ ወይም ከቱናይድባ ካምፕ ለገበያ የወጣ ስደተኛ ነው። የሚከፍለው ጓደኛውን አሸንፎ ለመሳቅ ነው፤ የሜዳው ሣር ስለጠራ አንዲት ሳንቲም አይጨምርላችሁም። እናንተም ዋጋ ብትጨምሩ አጠገባችሁ ያለው አሮጌ ቤት ይሞላል።

በ2024 ክረምት ጦርነቱ ሲንጃ ከተማ ሲገባ በገዳሪፍ መንገድ የጎረፈውን ሕዝብ ሁላችሁ አይታችኋል። ያን ቀን ሰው የያዘው ልጁንና ወረቀቱን ነበር። ሱዳን ያለን ደግሞ እንግዶች ነን፤ በድንገት ወደ መተማ ተነሱ ብንባል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልሳ አምስት ኢንች ማን ይሸከምልናል? ሀብታችሁን በማይነሳ ዕቃ ላይ አታስሩ።

ጌም ቤት መክፈት የቆረጠ ካለ አልከለክለውም። ያገለገለ ፕሌስቴሽን ቱ ወይም ስሪ ይግዛ፤ ስሪ በአሮጌውም በአዲሱም ቴሌቪዥን ይሰካል። የሚያልቀው ጆይስቲክና የዲስክ ማንበቢያ ሌንስ ስለሆነ መለዋወጫውን ቀድሞ ይያዝ። ከዚያ የቀረውን ገንዘብ ጥላ፣ ማራገቢያ፣ ጠንካራ ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ያውል፤ ልጆች ሰዓት የሚጨምሩት ሲመቻቸው ነው። ጥቂት ከርሞ ትርፉ እጁ ከገባ፣ ያኔ በራሱ ገንዘብ የፈለገውን ይግዛ፤ የሚከለክለው የለም።

አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ለዚህ ነገር ዶላር የተበደራችሁ ካላችሁ ገንዘቡ ሳይነካ ለባለቤቱ መልሱ። ዕቃው ታዝዞ ከሆነም ድንበር ሳይሻገር ትእዛዙን ሰርዙ፤ ቀብድ ቢቀርባችሁ ይቅር፣ ከዕዳው ያንሳል።