ሱስን በመከላከል ረገድ የቤተሰብ ድርሻ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል ለብዙ ጉዳይ ይጠቀሳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ግን ለሱስ ይመስለኛል። እሳት ከጭራሮ ላይ ሳለ በእፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ጣራ ከያዘ በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢረባረብም የሚተርፈው ንብረት ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጣቶችን ከመጠጥ፣ ከጫት፣ ከሲጋራና ከመሳሰሉት ሱሶች ለመጠበቅ የመጀመሪያው ኃላፊነት የፖሊስም የትምህርት ቤትም ሳይሆን የቤተሰብ ነው እላለሁ። ተማሪዎች ሆይ፣ ምክንያቶቼን ቀጥዬ አቀርባለሁ፤ እናንተም አመዛዝናችሁ ፍረዱ።

በመጀመሪያ፣ ሱስ የሚጀምርበት ዕድሜ ራሱ ጉዳዩን ወደ ቤት ያመጣዋል። ማመዛዘንና ራስን መግታት የሚከናወንበት የአንጎል የፊተኛው ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተለመደ ነገር ሥር የመስደድ ዕድሉ ሰፊ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ14 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት መጠጣት ከጀመሩት ሰዎች ከ100 ከ40 የሚበልጡት በሕይወታቸው አንድ ወቅት በመጠጥ ሱስ ተይዘዋል፤ በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ግን የተያዙት ከ100 ወደ 10 ያህሉ ናቸው። ታዲያ የ14 ዓመት ልጅ የሚያድረው በማን ቤት ነው? በወላጆቹ ቤት አይደለምን?

ሁለተኛው ምክንያት አርአያነት ነው። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላል። አባት ጉንጩን በጫት ወጥሮ «ልጄ፣ ጫት አይረባህም» ቢል ሰሚ አያገኝም። በዓመት በዓል ቀን ለሕፃን «ቅመስ፣ አይጎዳህም» ተብሎ የሚሰጠው ጠላም ሆነ «ሮጥ በልና ሲጋራ ግዛልኝ» የሚለው ትእዛዝ ለልጁ አንድ ነገር ያስተምሩታል፤ ይኸውም ነገሩ በቤቱ ነውር አለመሆኑን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ልጁን ወደ ሱቅ የሚልክ ወላጅ ግን ሕጉ እንዲጣስ በር የሚከፍተው ከባለ ሱቁ ቀድሞ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ክትትል ነው። በአይስላንድ በ1998 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 15ና 16 ዓመት ከሆነ ተማሪዎች ከ100 42ቱ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ሰክረው እንደ ነበር ተናግረዋል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ቁጥሩ ወደ 5 ዝቅ ብሏል። ይህ ለውጥ በስብከት ብቻ የተገኘ አይደለም። ወላጆች ልጆቻቸው አምሽተው ውጭ እንዳይቆዩ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉትንም ጊዜ አበዙ፤ ልጆች በስፖርትና በሙዚቃ እንዲሳተፉ የገንዘብ ድጋፍ ተደረገ።

«በእኛ አገር እንጀራ ፍለጋ ከማለዳ እስከ ማታ የሚደክም ወላጅ ልጁን መቼ ይከታተላል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ «ዛሬ የት ዋልክ? ከማን ጋር ዋልሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በትዕግሥት ማዳመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎረቤትን ልጅ እንደ ራስ ልጅ መገሠጽም በአገራችን የቆየ ባህል ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን የማይችለውን የሰፈር ወላጆች ተስማምተው ይችሉታል።

ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ ዱላ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የተደበደበ ልጅ የሚማረው መተውን ሳይሆን መደበቅን ነው። ከቤት የሸሸውን ልጅ ደግሞ በደስታ የሚቀበለው ያው ሱስ ያስለመደው ባልንጀራ ነው። ሱስ በሕክምና የሚረዳ ሕመም ስለሆነ፣ ቤተሰብ ግልጽ ደንብ ማውጣት፣ የተሳሳተውንም ቀርቦ መስማትና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባዋል።

እናንተስ? በፈተና ሰሞን «ጫት ለጥናት ይረዳል» የሚል ጓደኛ ቢያጋጥማችሁ፣ በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍን እንደሚያባርርና ያጠናችሁት በአእምሮ የሚጸናው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር መሆኑን አስታውሱ። ምናልባትም ከመካከላችሁ ጠጪው ወላጁ የሆነበት ተማሪ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለህ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለሽ እኅቴ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የእነርሱን መንገድ የመከተል ግዴታም የለባችሁም። ችግሩን ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለምታምኑት አጎት፣ አክስት ወይም መምህር ንገሩ።

በመጨረሻም፣ ቤተሰብ ማለት አባትና እናት ብቻ አለመሆናቸውን ልብ በሉ። በቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ዛሬ እናንተን እያየ ነው። እርሱ የሚያየውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።