ቤዝ ጊታር የመግዛት አባዜ

ቤዝ ጊታር ተጫዋቾችን የሚይዝ የታወቀ አባዜ አለ። ደህና ቤዝ በእጅ እያለ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው በቅጡ ሳይለመድ ሦስተኛውን ያስመኛል፤ አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ፔዳሉም ተከትለው ይመጣሉ። የስቲሊ ዳን ባንድ መሥራች ከሆኑት አንዱ፣ ጊታርም ቤዝም ይጫወት የነበረው አሜሪካዊው ዋልተር ቤከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአንድ የጊታር መጽሔት ላይ ቀልድ አዘል መጣጥፍ ጽፎ ነገሩን እንደ በሽታ ስም አውጥቶለት ነበር። ሙዚቀኞች እስከ ዛሬ በዚያው ስም እየጠሩት ይሳሳቃሉ። አባዜው በቀላሉ የማይለቀው ግን መነሻው ሐሰት ስላልሆነ ነው።

ቤዞች በእርግጥም ድምፃቸው ይለያያል። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ከትከሻ የሚንጠለጠልና አንገቱ ላይ ፍሬት (ኖታዎቹን የሚለዩ የብረት ዘንጎች) ያለው በመሆኑ፣ ከትልቁ ኮንትራባስ ጋር ሲታገሉ ለኖሩ ተጫዋቾች ኖታውን በትክክል መያዝ አቀለለላቸው። ይህ ቤዝ ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ያለው ሲሆን ድምፁ ወፍራምና የታመቀ ነው። በ1960 የተከተለው ጃዝ ቤዝ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ፒክአፖቹም ሁለት ናቸው። በ1976 የወጣው የሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ደግሞ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ ስላለው ድምፁ ስልና ደማቅ ነው።

ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከፒክአፑ ነው። ፒክአፕ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ክሩ ወደሚታሰርበት ብሪጅ ሲጠጋ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ያጎላል፤ ወደ አንገቱ ሲርቅ የመሠረቱን ድምፅ ያወፍራል። ስለዚህ አንድ ቤዝ ሁሉንም ድምፅ አይሰጥም የሚለው አባባል እውነትነት አለው። አባዜው ይህን ትንሽ እውነት ይይዝና የጎደለው ሁሉ በግዥ ይሞላል ወደሚል ድምዳሜ ይሻገራል።

ከዚያ በኋላ ግዥ ግዥን ይወልዳል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ1769 በጻፈው ድርሰት፣ አዲስ የቤት ካባ ከለበሰ በኋላ የቀረው የቤቱ ዕቃ ሁሉ አሮጌ ሆኖ እንደታየውና አንድ በአንድ እንደለወጠው ይተርካል። አንትሮፖሎጂስቱ ግራንት ማክራከን በ1988 ይህን ሰንሰለት በዲድሮ ስም ሰየመው። በቤዝ ተጫዋች ቤትም የሚታየው ይኸው ነው። አዲሱ ቤዝ የአሮጌውን አምፕሊፋየር ድክመት ያጋልጣል፤ አምፕሊፋየሩ ሲለወጥ ስፒከሩ ያንሳል፤ ፔዳሎቹ ሲበዙ የሚደረደሩበት ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ያስፈልጋል።

የሰው አእምሮ አሠራርም ያግዛል። ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ በጦጣዎች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች ጦጣዋ ከለመደች በኋላ የሚነቁት ጭማቂው አፏ ሲገባ ሳይሆን፣ ጭማቂ እንደሚመጣ የሚያበስረውን ምልክት ስታይ መሆኑን አሳይቷል። ቤዝ ገዢውም ዋጋ ሲያወዳድር፣ ቪዲዮ ሲመለከትና ዕቃው እስኪደርስ ሲጠብቅ ያለው ደስታ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ካለው ይበልጣል። ዕቃው ሲለመድ ደስታው ይበርዳል፤ ፍለጋውም እንደገና ይጀመራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ግዥ ልምምድን መምሰሉ ነው። ልምምድ አዝጋሚ ነው፤ የተጫዋቹን ጉድለት በየቀኑ ፊቱ ላይ ያስቀምጥበታል። ግዥ ግን በአንድ ጊዜ ወደፊት የተራመዱ ያህል ያስደስታል። ገበያውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በስመ ጥር ተጫዋቾች ስም የሚወጡ ሞዴሎች፣ ቁጥራቸው የተወሰነ ቀለሞች፣ ሆን ተብሎ ቀለማቸው ተፍቆ ብዙ ዘመን የተጫወቱባቸው እንዲመስሉ የተደረጉ አዳዲስ ቤዞች ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ያፈራውን በዕቃ መልክ ይሸጣሉ።

የእነዚያ እጆች ታሪክ የሚናገረው ሌላ ነው። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ በ1960ዎቹ ካወጣቸው ዘፈኖች በብዙዎቹ ላይ የሚሰማው ጄምስ ጄመርሰን ስመ ጥር የሆነበት ቤዝ አንድ የ1962 ፕሪሲዥን ነው። ክሮቹን ካልተበጠሱ በቀር አይቀይርም ይባል ነበር፤ የሚመታውም በአብዛኛው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር። ሌላው ስመ ጥር የቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ አዲስ ድምፅ ሲፈልግ ፍሬቶቹ በተነቀሉ የ1962 ጃዝ ቤዝ ተጫወተ። በእኛም አገር የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ የሚወድ አድማጭ የሚያስታውሰው አጨዋወቱን ነው እንጂ የመሣሪያውን ሞዴል አይደለም። ከበሮው፣ ኪቦርዱና ድምፃዊው ሲገቡበት በሁለት ጥሩ ቤዞች መካከል ያለው ልዩነት ለአድማጭ ጆሮ እጅግ ያንሳል።

ይህ ማለት ግን ግዥ ሁሉ አባዜ ነው ማለት አይደለም። የአራት ክር ቤዝ ዝቅተኛ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ሲሆን የአምስት ክሩ እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል፤ የባንዱ ዘፈኖች ያን ከጠየቁ በአራት ክር ማሟላት አይቻልም። የተለመደው ከ86 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ የክር ርዝመት ለሚከብዳቸው 76 ሳንቲሜትር ገደማ የሆኑ ቤዞች አሉ። በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው መጠባበቂያ ቤዝ ያስፈልገዋል። ከባዱን አምፕሊፋየር ተሸክሞ ወገቡ የታመመም ቀላሉን ቢገዛ አያስወቅሰውም።

አባዜውንና ተገቢውን ግዥ ለመለየት የሚበጀው የጎደለውን ድምፅና የጎደለበትን ዘፈን በስም መጥራት ነው። ከተጠራም መጀመሪያ በእጅ ያለው ይሞከር፦ ክር መቀየር፣ የክሮቹን ከፍታ ማስተካከል፣ የቶን ቁልፉን ማዞር። ቀኝ እጅን ከአንገቱ ወደ ብሪጁ ማንቀሳቀስ ደግሞ የፒክአፕ ቦታ የሚያመጣውን ዓይነት ለውጥ ያለ ምንም ወጪ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ድምፁ አሁንም ካልተገኘ፣ ግዥው ምክንያት አለው።