በሩ እንዳይዘጋ መስኮቱ ይከፈት

ይድረስ ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ

በወረርሽኝ ጊዜ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች መዘጋት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር በአምዶቻችሁ በተነሣ ቁጥር ጸሐፊዎቹ በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን «የእምነት ተቋም ስለሆነ መንግሥት እጁን ያንሣ» ይላል። ሌላው «ቫይረስ ሃይማኖት አይመርጥም፤ ይዘጋ» ብሎ ይመልሳል። ይህን ደብዳቤ የላከው አንባቢ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል ባይ ነው። የክርስቲያን ትምህርት ቤት በወረርሽኝ ጊዜ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሊቆይም ይገባዋል። ይህን የሚያስችለው ግን በግንባሩ ላይ ያለው መስቀል ሳይሆን የክፍሎቹ አየር፣ በየክፍሉ የሚቀመጠው ተማሪ ብዛትና የታመመ መምህር ደመወዙ ሳይቆረጥ ቤቱ መዋል መቻሉ ነው።

ነገሩ ከኢትዮጵያውያን ደጅ የራቀ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጅ የሚያሳድጉበት አካባቢ ነው። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋበት በ2020 ዓ.ም. (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አዲሱን ዓመት በኦንላይን እንደሚጀምሩ ሲያስታውቁ፣ የካቶሊክና ሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ግን ወንበር እያራራቁ ተማሪ ለመቀበል ሲሰናዱ ነበር። ጁላይ 31 ቀን የካውንቲው የጤና ኃላፊ ዶክተር ትራቪስ ጌይልስ የግልና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ ተማሪ በአካል እንዳያስተምሩ አዘዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ገዥው ላሪ ሆገን ካውንቲዎች እንዲህ ያለ የጅምላ ትእዛዝ እንዳያወጡ ከለከሉ። የጤና ኃላፊው በሌላ የሕግ አንቀጽ ተደግፈው ትእዛዙን ደገሙት። ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ክስ መሠረቱ፤ የስቴቱ ጤና ቢሮም ጣልቃ ገባ። ኦገስት 7 ትእዛዙ ተነሣ። ሁሉም የሆነው በስምንት ቀን ውስጥ ነው። ልጁን የትና ከማን ጋር እንደሚያውል የሚጨነቅ የታክሲ ሾፌር ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ በዚያ ሳምንት የሰማው ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ብቻ ነበር። የትኛው ክፍል መስኮት እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው የነገረው ባለሥልጣን የለም።

በኬንታኪ ስቴትም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ኖቬምበር 18 ቀን 2020 ገዥው አንዲ በሺር የሕዝብም የግልም ትምህርት ቤቶች በአካል ማስተማር እንዲያቆሙ አዘዙ። ዳንቪል ክርስቲያን አካዳሚ የተባለ ትምህርት ቤት ከስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከዳንኤል ካሜሮን ጋር ሆኖ ከሰሰ። ሲኒማ ቤትና ጂም ክፍት ሆኖ ሳለ ልጆች የሚጸልዩበትና የሚማሩበት ቤት ለምን ይዘጋል የሚል ነበር ሙግቱ። የፌዴራሉ ዳኛ ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ፈረዱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ትእዛዙ የእምነት ያለውንም የሌለውንም እኩል ይመለከታል ብሎ ውሳኔውን አገደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 17 ቀን ጉዳዩን ሲመለከት የትእዛዙ ጊዜ ሊያበቃ መቃረቡን ጠቅሶ ጣልቃ አልገባም፤ ዳኞቹ ጎርሰችና አሊቶ በሐሳብ ተለዩ። አንድ ወር የፈጀው ሙግት የገና ዕረፍት ደርሶ ተቋጨ።

የሃይማኖት ነፃነት ቀላል ነገር ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ሊፈርድ የሚችለው መብት መጣስ አለመጣሱን ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ንጹሕ መሆኑን አይመረምርም። በሙግቱ ያሸነፈ ትምህርት ቤት በማግስቱ ሃያ መምህራን ቢታመሙበት መዝጋቱ አይቀርም። የተሸነፈውም ቢሆን አስቀድሞ የተዘጋጀ ከሆነ እገዳው በተነሣ ማግሥት ሥራውን ይቀጥላል።

መረጃው ምን ይላል? በዊስኮንሲን ስቴት በዉድ ካውንቲ 17 ትምህርት ቤቶች በ2020 መጸው ተማሪዎቻቸውን በማስክና በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው አስተማሩ። ከ5,500 በላይ ተማሪና ሠራተኛ በነበረበት በእነዚያ 13 ሳምንታት 191 ሰዎች በኮቪድ-19 ተያዙ፤ በትምህርት ቤት ውስጥ እንደተላለፈ የተረጋገጠው ግን 7ቱ ብቻ ነበር። በሰሜን ካሮላይና 11 የትምህርት ወረዳዎች ከ90,000 በላይ ተማሪና ሠራተኛ ይዘው ለዘጠኝ ሳምንት በአካል ሲያስተምሩ፣ ከውጭ ይዘውት የመጡት 773 ሲሆኑ በግቢው ውስጥ የተላለፈባቸው 32 ነበሩ። በጆርጂያ ስቴት 169 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት መምህራን ማስክ በሚያደርጉባቸው ትምህርት ቤቶች የተያዙ ሰዎች መጠን በ37 በመቶ፣ የአየር ዝውውር ባሻሻሉት ደግሞ በ39 በመቶ ዝቅ ብሎ ማግኘቱን አሳወቀ። እንግዲህ «ይዘጋ» የሚለው ወገን ሊመልሰው የሚገባ ነገር አለ።

«እጁን ያንሣ» የሚለውም ወገን እንዲሁ። በሜይ 2020 እስራኤል ትምህርት ቤቶቿን ከከፈተች ጥቂት ቀናት በኋላ ከባድ ሙቀት መጣ። ማስክ የማድረግ ግዴታው ለሦስት ቀን ተነሣ፤ መስኮት ተዘግቶ የአየር ማቀዝቀዣ ተከፈተ። ከ35 በላይ ልጆች በአንድ ክፍል በሚቀመጡበት አንድ የኢየሩሳሌም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 153 ተማሪዎችና 25 ሠራተኞች ተያዙ። ሌላው ምሳሌ ደግሞ መስኮት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። በሜይ 2021 በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ ያልተከተቡ አንድ መምህር ሕመም እየተሰማቸው ሁለት ቀን አስተማሩ፤ ለልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡም ማስካቸውን ያወልቁ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የአየር ማጣሪያም ነበረ። ከ24ቱ ልጆች 12ቱ ተያዙ። ከፊት ባሉት ሁለት ረድፎች ከተቀመጡት አሥር ልጆች ስምንቱ ተያዙ። ያን ክፍል ሊጠብቅ ይችል የነበረው ትልቁ እርምጃ የመምህሩ ቤት መዋል ነበር።

እዚህ ላይ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለይበት ነገር ይመጣል። ማለዳ ሁሉም ተማሪ በአንድ ጸሎት ቤት ይሰበሰባል፤ ይዘመራል። መዝሙር ትንፋሽ ነው። ማርች 10 ቀን 2020 በዋሽንግተን ስቴት ስካጂት በተባለ አካባቢ 61 መዘምራን በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመዱ፤ 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። መነሻው የጉንፋን ምልክት የነበረበት አንድ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ በወረርሽኝ መካከል ሦስት መቶ ልጅ በዝግ አዳራሽ እያዘመረ «ክፍሎቻችን ንጹሕ ናቸው» የሚል ርእሰ መምህር የሚያሳምን መልስ ሊኖረው አይችልም። ዝማሬው ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ካልሆነም እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው፣ ማስክ አድርጎ፣ አጠር አድርጎ ይጸልይ።

ውጭ መማር ለክርስትናም ሆነ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ንባቡንና ዜማውን በዛፍ ጥላና በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሲቀጽል ኖሯል። አሜሪካኖችም በ1908 በፕሮቪደንስ ከተማ ለሳንባ ነቀርሳ ለተጋለጡ ልጆች መስኮቱ ክረምት ከበጋ ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር፤ ልጆቹ ከብርዱ የሚጠበቁት በወፍራም ከረጢት ውስጥ ተቀምጠውና እግራቸው ሥር የሞቀ ድንጋይ ተደርጎላቸው ነበር። ዛሬ እንዲያ መሆን አያስፈልግም። የክፍሉን አየር የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ በገበያ ላይ አለ። የሚቆጥረው ሰዎች ሲተነፍሱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን የአየር ክፍል ስንቱ እንደሆነ ነው፤ ደጅ 420 ገደማ የሚያነበው መሣሪያ በተጨናነቀ ዝግ ክፍል ከ2,000 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩን ከ800 በታች ማድረግ የሚሞከር ግብ ነው። ክረምት ላይ መስኮት መክፈት ካልተቻለ በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፦ አራት የአየር ማጣሪያዎችን በሳጥን መልክ በፕላስተር ማጣበቅ፣ ከላይ ተራ ማራገቢያ መግጠም። የወላጆች ኮሚቴ በአንድ ቅዳሜ ለሁሉም ክፍል ሠርቶ ሊያዳርስ ይችላል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም እስከ መጨረሻው አያስኬድም። የአሜሪካ ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ሕግ ለግል ትምህርት ቤቶች ብቻ 2.75 ቢሊዮን ዶላር መደበ፤ በሚቀጥለው ማርች ያንኑ ያህል ጨመረ። የአየር ዝውውር ማሻሻያና የመከላከያ ቁሳቁስ ከተፈቀዱት ወጪዎች መካከል ነበሩ፤ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም ማመልከት ይችሉ ነበር። ወደፊት እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲመጣ ተጠቃሚ የሚሆነው የየትኛው ክፍል ማሞቂያና ማናፈሻ እንደማይሠራ አስቀድሞ የመዘገበ ትምህርት ቤት ነው።

መዝጋት ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በአሜሪካ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጥር በ2020–21 በአንድ ዓመት ብቻ 6.4 በመቶ ወረደ፤ ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ከሌላ ጋር ተዋሐዱ። ብዙዎቹ በአካል ማስተማራቸውን ሲቀጥሉ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ 3.8 በመቶ መልሶ አደገ። በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተዘግተው ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥና ትምህርቱ በፈረቃ እንዲሰጥ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ክፍል የተረፈው ትምህርት ቤት መመሪያውን በቀላሉ ፈጸመው፤ ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የሚያስተምረው ግን ተቸገረ። በሜሪላንድም ቢሆን በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያሉት አነስተኛ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህ ጥቅም አለው። ወላጁን በስሙ ያውቃል፤ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ባዶ አዳራሽና ሜዳ አለው። ሊመካበት የሚገባው ይህ ነው።

አንዳንዱ «ልጆች እምብዛም አይጎዱም፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን?» ይል ይሆናል። መልሱ ልጁ ማታ ወደሚመለስበት ቤት ይወስዳል። በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት ልጅ የሚጠብቁት አያት ናቸው፤ እናት በነርሲንግ ሆም፣ አባት በኤርፖርት ይሠራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሲባል መጠንቀቅ ለባልንጀራ መራራት ነው፤ ይህም በክርስቲያን ትምህርት ቤት የሥነ ምግባር ክፍል በየቀኑ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ይህ አንባቢ ለየትምህርት ቤቱ ቦርድ የሚያቀርበው ጥያቄ የተወሰነ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ስንት ተማሪ ሊይዝ እንደሚችልና አየሩ በምን እንደሚታደስ ተጽፎ ለወላጅ ይሰጥ። ለመምህራን፣ ለጽዳት ሠራተኞችና ለአውቶቡስ ሾፌሮች ከመደበኛው ፈቃድ የማይቆረጥ የሕመም ዕረፍት በውሉ ይግባ፤ ተተኪ መምህራንም ከወዲሁ ይታወቁ። አንድ ክፍል ሲታመም ያ ክፍል እንጂ ግቢው ሁሉ እንዳይዘጋ ገደቡ በቁጥር ይወሰን፤ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግድ የሚሆንበት ደረጃም አብሮ ይጻፍ፤ ሳምንታዊው የታማሚ ቁጥርም ስም ሳይጠቀስ ይለጠፍ። ከካውንቲው የጤና ቢሮ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ተለይቶ ይሾም፤ ክስ የሚመጣው ያ ውይይት ሲከሽፍ ብቻ ይሁን። የሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ወላጆች ይህን ሰነድ በእጃቸው እንዲይዙ በየትምህርት ቤታቸው እንዲጠይቁ፣ አዘጋጁም ሰነዱን ያወጡትንና ያላወጡትን ትምህርት ቤቶች ጠይቆ በመጽሔቱ ላይ እንዲዘግብ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

ከአክብሮት ጋር
የመጽሔታችሁ አንባቢ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ