240 የምትል ቪትዝ

የጎረቤቴ ልጅ «አሳምሬያታለሁ፣ ይግቡና ይዩልኝ ጋሼ» ብሎ ቪትዙ ውስጥ ጋቢና አስቀመጠኝ። ቁልፉን ሲያዞር ዳሽቦርዱ በሰማያዊ መብራት ተጥለቀለቀ። የጌጆቹ ጥቁር ፊት ወጥቶ ነጭ ገብቷል። የዚህች ቪትዝ ጌጅ የተሠራው ከመሪው ጀርባ ሳይሆን መሀል ላይ ስለሆነ ላለማየት አልቻልኩም። የመጨረሻው ቁጥር 240 ይላል። ፋብሪካው 180 ብሎ የለቀቃት፣ ባለ 1000 ሲሲዋ!

«ሞተር ተቀየረ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለውበት ነው።»

ኪሎ ሜትር የሚያወርዱ ደላሎችን ስረግም እንደኖርኩ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ይኼ ልጅ ኪሎ ሜትሩን አልነካም። መሸፈኛውን ፈትቶ፣ ቀስቶቹን በሁለት ማንኪያ ፈልቅቆ፣ አዲሱን ፊት ካነጠፈ በኋላ ቀስቶቹን መልሶ ተከላቸው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀስት ከመነቀሉ በፊት የቆመበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ እሱ በግምት ሰካው። በዚህም ጌጁ ሩብ ቤንዚን አለ እያለው ሃያ ሁለት አካባቢ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለቤንዚን ሰልፍ በሚታደርበት ከተማ!

የፍጥነቱ ይባስ። ቀስቱን የሚያዞረው ነገር ፊቱ መቀየሩን አያውቅም፤ ድሮ 60 ተጽፎበት የነበረው ቦታ ዛሬ 80 ተጽፎበታል። ቀለበት መንገድ ላይ በስልኬ ጂፒኤስ ስለካው ልጁ በ80 እየበረርኩ ነው የሚለው በ60 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብዝቶ ማሳየትን ግን እስከ 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይታገሣል። በ60 ለሚሄድ 70 ማለት ነው። ልጁ በ10 አልፏል፤ ግን ወደ ደጉ በኩል ነው። እናቱ ብትሰማ ትመርቀው ነበር።

ከአሜሪካ በማይል የመጣ መኪና ፊቱ ወደ ኪሎ ሜትር ይቀየር ቢባል እኔም እደግፋለሁ፤ 60 ማይል 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ሰው ያሳስታል። «ጌጥ ምን ይጎዳል?» ለምትሉኝ ደግሞ፣ ጌጥ መስቀያ የኋላ ማሳያ መስታወት አለላችሁ።

ከዚያ ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ጋቢና ሆኜ አሻግሬ ሳይ የፍጥነቱ ቀስት 0 ላይ ተኝቷል፤ እኛ እንከንፋለን። ሾፌሩን ጠየቅኩት።

«ፋዘር፣ እኔ በጆሮዬ ነው የምነዳው።»

ለካ የተናደድኩት በማይሆን ልጅ ላይ ነው! ቦሎ ሲታደስ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል። ይህችን ቀስት ማን አያት? እኔ ብጠየቅ የሚኒባስ ጌጅ እንደ ቪትዝ መሀል ላይ ይምጣ፣ ትልቅ ይሁን፣ ረዳቱም ተሳፋሪውም ያንብበው እላለሁ። አሁን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኧረ ቀስ በል ልጄ» ሲሉ ሾፌሩ «በ40 እኮ ነው እናት» ይላል፤ ረዳቱም ይመሰክርለታል። ቢያንስ የምንጨቃጨቅበት ቁጥር ይኑረን።