በጠባብ ቤት ውስጥ፤ ሲ ወይስ አሴምብሊ?

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በቴክኖሎጂዎቹ ክርክር ምን አገባን? የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ነገሩ የቋንቋ ምርጫ ነውና ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ የሚነሣው ሙግት ይህ ነው። አንደኛው ወገን ለትንሽ ማይክሮኮንትሮለር የሚጻፍ ፕሮግራም በአሴምብሊ ካልሆነ ከቺፑ አይገጥምም ይላል። ሁለተኛው ሲ እያለ አሴምብሊ መጻፍ ዕድሜን ማባከን ነው ይላል።

በመጀመሪያ የቤቱን ስፋት እንመልከት። አቲታይኒ 13 የተባለው ቺፕ ለፕሮግራም 1024 ባይት፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ 64 ባይት ብቻ አለው። አንዱ ትእዛዝ 2 ባይት ስለሚወስድ ቢበዛ 512 ትእዛዝ ማለት ነው። ፒክ 10ኤፍ200 ከዚህም ያንሳል፤ 256 ትእዛዝና 16 ባይት። ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበት በነበረ ጊዜ «አልደረሰልኝም» ብሎ በአንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር መላክ ይቻል ነበር፤ የአሴምብሊ ወዳጆች ደስታም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በሲ ላይ የሚጣለው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው ነው። ከ0 እስከ 200 ብቻ ለሚቆጥር ነገር «ኢንት» ይመድባል፤ ኢንት ቢያንስ 16 ቢት ነውና ባለ 8 ቢቱ ቺፕ አንዱን መደመር ሁለት ጊዜ ይሠራዋል። ማካፈል በማያውቅ ቺፕ ላይ ለ10 ያካፍላል፤ ኮምፓይለሩም የማካፈያውን ሥራ ከሌላ አምጥቶ ይጭንበታል። «ፕሪንትኤፍ»ን ከጠራማ 1024ቱ ባይት አለቀ። ይህ እንግዳ በገፍ ጠርቶ ቤቴ ጠበበ ብሎ ማማረር ነው።

ደግሞም አቲታይኒ የሚወለድበት የኤቪአር ዘር፣ ሐሳቡ የተጀመረው በኖርዌይ በትሮንድሃይም ሲማሩ በነበሩት በአልፍ ኤጊል ቦገንና በቬጋርድ ዎላን ነው። (ተማሪዎች መሆናቸው ልብ ይባልልን!) የቺፑ ንድፍ ሳይጸና የሲ ኮምፓይለር ሠሪዎች ተማክረውበት ትእዛዞቹ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ሲ በዚያ ቤት እንግዳ አይደለም።

ከባይት የሚበልጥም ጉዳይ አለ። አንድ ጓደኛችን የውሃ ማጠራቀሚያ መቆጣጠሪያ በአሴምብሊ ጽፎ፣ አንዲት ማብራሪያ ሳይተው ተመርቆ ሄደ። ቺፑ በሌላ ዓይነት ሲለወጥ ተተኪዎቹ አንዱንም መስመር ሊጠቀሙበት አልቻሉም። በሲ ቢጻፍ ኖሮ የቺፑን እግሮች የሚነካው ክፍል ብቻ በተለወጠ፣ ሐሳቡ በተረፈ ነበር።

እኛ በበኩላችን በሲ መጀመር ይሻላል እንላለን። ኮምፓይለሩ ከፍጥነት ይልቅ ማሳነስን እንዲያስቀድም ይታዘዝ፤ ያወጣውም አሴምብሊ ታትሞ ይነበብ፤ በእጅ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ያበጠው ክፍል ብቻ ይሁን። ለ256ቱ ትእዛዝ ቺፕ ግን ለአሴምብሊዎቹ እንፈርዳለን፤ ሙሉው ፕሮግራም ከአምስትና ከስድስት ገጽ አያልፍምና አንባቢ አይጠፋበትም።

የአሴምብሊ ትምህርት ጭራሹን ይቅር ለሚሉት ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ አለን፤ ፕሮግራማችሁ 1030 ባይት ሆኖ 6 ባይት ከቤት ውጭ ሲቀር፣ የትኛውን መስመር ትቆርጣላችሁ?