ከሚያውቁት የሚሸሽ ሰው

ባለፉት ሳምንታት በዶርማችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ እንቅልፍ ነሥቶን ሰነበተ። ክርክሩ ስለ ፈተና ወይም ስለ ካፌው ወጥ አልነበረም። «ማድ ሜን» ስለተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማና ስለ ዋናው ሰው ስለ ዶን ድሬፐር ነበር። በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን 92ቱን ክፍል ከጨረስን በኋላ በሁለት ወገን ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ የፈለጋት ሴት አታመልጠውም» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ባለጌ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚባልለት ነገር የለም» አለ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን ከላይ ከላይ አይተውት አልፈዋል ባዮች ነን። ሐሳባችንን በዚህ መጽሔት ለማስፈር የተነሣነውም ነገሩ የአንድ የፊልም ሰው ወሬ ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ነው።

ድራማውን ላላዩ ጓደኞቻችን ጥቂት እንበል። ማቲው ዋይነር የፈጠረው ይህ ተከታታይ ድራማ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2007 እስከ 2015 በአሜሪካ በ7 ምዕራፍ ታይቷል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው። ተዋናዩ ጆን ሃም የሚጫወተው ዶን ድሬፐር የድርጅቱ ዋና የሐሳብ አፍላቂ ነው። ልብሱ እንደተተኮሰ የሚውል፣ ጠጉሩ የማይዛባ፣ ሲናገር ስብሰባውን ሁሉ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው ነው። ስሙ ግን የራሱ አይደለም።

እውነተኛ ስሙ ዲክ ዊትማን ነው። እናቱ ገላዋን ሸጣ የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ እርሱን ስትወልድ ሞተች። አባቱን ፈረስ ረግጦ ገደለው። ከዚያ በኋላ የእንጀራ እናቱ ይዛው በሄደችበት በአንድ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት አደገ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ድሬፐር የተባለው የበላይ መኮንኑ በፍንዳታ ሲሞት የሟቹን የአንገት መታወቂያ ወስዶ የራሱን በሬሳው ላይ አደረገ። ዲክ ዊትማን ሞቶ ተቀበረ ተባለ፤ ዶን ድሬፐር ወደ አገሩ ተመለሰ። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህ ሰው ግን የሌላውን ስም ለብሶ የራሱን በመቃብር ውስጥ ተወው።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ዶን ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ የሚዘለው ጥጋብ ይዞት ወይም ውበት አሸንፎት ብቻ አይደለም። ሥራው ላይ የሚታየው መተማመን እውነት ቢሆንም፣ ከሥሩ አንድ ያልተነቀለ ፍርሃት አለ። «ማን እንደሆንኩ ያወቀ ሰው ይጥለኛል» የሚል ፍርሃት ነው። ይህ የበታችነት ስሜት በፍቅር ምርጫው ላይ ሕግ ሆኖበታል። የምታደንቀውን ይመርጣል፣ የምታውቀውን ይሸሻል።

መጀመሪያ ሚስቱን ቤቲን እንመልከት። ቤቲ ከደህና ቤተሰብ የተወለደች፣ የልብስ ሞዴል የነበረች፣ እጅግ የተዋበች ሴት ናት። ከእርስዋ ጋር በዳር ከተማ ቤት ሠርቶ ልጆች ወለደ። ቤቱን ያየ ሰው ከማስታወቂያ ሥዕል የወጣ ይመስለዋል፤ ዶንም ያቆመው ለዚሁ ይመስለናል። ነገር ግን በሥራ ክፍሉ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያ ነበረው። ያለፈ ሕይወቱ ፎቶግራፍና ወረቀት በዚያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2009 በታየው ሦስተኛ ምዕራፍ ቤቲ ቁልፉን አግኝታ ሁሉንም አየች፤ ዶንም እጁ እየተንቀጠቀጠ እውነቱን ተናገረ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ቤቲ በዚያች ሰዓት የተናገረችው ነው። ድኻ ሆኖ እንዳደገና በዚህም እንደሚያፍር ከገንዘብ አያያዙ ቀድሞ እንደገባት ነገረችው። እንግዲህ ያ ሁሉ ቁልፍ፣ ያ ሁሉ ዓመት ጥንቃቄ ለምን ነበር? ድህነቱን አስቀድማ ገምታ አብራው ኖራለች። ጥቂት ቆይታ ፍቺ ስትጠይቅ ግን ዶን ነገሩን እንደ ማስረጃ የወሰደው ይመስላል፤ ያወቀችኝ ጣለችኝ እንደ ማለት ነው። የተቆለፈበት ትዳርና የተደራረበው ክሕደት እንዳባረራት ሊያይ አልቻለም። የበታችነት ስሜት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የገዛ ጥፋታችን ያመጣውን ውጤት የትውልዳችን ፍርድ አድርገን እንድናነበው ያደርገናል።

ሁለተኛዋ ሬቸል ሜንከን ናት። የአባቷን ትልቅ መደብር የምታስተዳድር፣ አስተዋይ አይሁዳዊት ሴት ናት። ዶን የሥራ አለቃው በልብ ሕመም በወደቀበት ሌሊት ሞትን ፈርቶ ወደ እርስዋ ሄደ፤ ስለ እናቱም ነገራት። ሬቸል አልናቀችውም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው ምስጢሩን ደርሶበት «አወጣብሃለሁ» ሲለው፣ ዶን ወደ ሬቸል ሮጦ «አሁኑኑ አብረን እንጥፋ» አላት። እርስዋ ልጆቹን ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ጠየቀችው። የሚያሳምን መልስ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ሰውየው እርስዋን ፈልጎ ሳይሆን መሸሽን ፈልጎ እንደመጣ ገባትና አሰናበተችው። በእኛ አስተያየት በድራማው ውስጥ ዶንን በትክክል ካነበቡት ሰዎች አንዷ ሬቸል ናት።

ዋናው ማስረጃችን ግን በ2010 የታየው አራተኛው ምዕራፍ ነው። ዶን ከተፋታ በኋላ ዶክተር ፌይ ሚለር የምትባል የተማረች ሴት ወዳጅ ሆነችው። መንግሥት ስለ ማንነቱ ሊያጣራ ነው የሚል ስጋት በመጣ ጊዜ ልቡ ቆሞ የሚሞት መሰለውና ምስጢሩን ዘርግፎ ነገራት። ፌይ አልሸሸችም። ነገሩ መፍትሔ እንዳለው አስረድታ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራው የኖረው ነገር በመጨረሻ ደረሰ፤ ያወቀችውም ሴት አልጣለችውም! እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ቀን ሊያርፍ ይገባው ነበር።

ያደረገው ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ጸሐፊውን ሜጋንን ልጆች እንድትጠብቅለት ወሰዳት። ሜጋን ወጣት፣ ደስተኛ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናት። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ በገበታ ላይ መጠጥ ሲደፋ ሳትቆጣ ስቃ ጠረገችው። ዶን ይህን አየና ብዙም ሳይቆይ «አግቢኝ» አላት። ፌይ ወሬውን በስልክ ሰማች። በሜጋን ጣት ያጠለቀው ቀለበት ደግሞ የአና ድሬፐር ነበር። አና ማለት ስሙን የወሰደበት የሟቹ መኮንን ሚስት ናት። እውነቱን ከሁሉ በፊት ያወቀችው፣ አውቃም ይቅር ያለችው እርስዋ ነበረች። የሚያውቁትን ሰው ቀለበት ለማታውቀው ሰጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሜጋንም እኮ በኋላ እውነተኛ ስሙን አውቃለች» ብለው ተከራክረውናል። እውነት ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሕጉ አልተሻረም፣ መልኩን ቀየረ እንጂ። ሜጋን ስሙን ብታውቅም በቢሮው እስከሠራች ድረስ በአድናቆት ዓይን ታየው ነበር። ተዋናይ ለመሆን ብላ ቢሮውን ስትለቅ የራሷ ሐሳብና የራሷ መንገድ ያላት ሰው ሆነች። ከዚያ ወዲያ ዶን በልቡ ቀዘቀዘ። በ2012 በአምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በራሱ አማላጅነት ያገኘላትን የማስታወቂያ ሥራ ስትቀረጽ ጥሏት በጨለማው ውስጥ እየራቀ ሲሄድ አይተናል። በቀጣዩ ምዕራፍ ደግሞ በሚኖሩበት ሕንፃ ካለችው የጎረቤቱ የሐኪሙ ሚስት ጋር ተገኘ። ያገኘውም ሰው የገዛ ልጁ ሳሊ ነበረች።

«ልጅነቱ ነው እንዲህ ያደረገው» ብለን ብንተወውስ? ልጅነቱ ብዙ እንደሚያስረዳ እናምናለን። እናት የሌለው፣ በእንጀራ እናት የተጠላ፣ ፍቅር በገንዘብ በሚሸጥበት ቤት ያደገ ልጅ ፍቅርን ቢጠራጠር አይደንቅም። ማስረዳትና ነጻ ማውጣት ግን አንድ አይደሉም። ታናሽ ወንድሙ አዳም ከስንት ዓመት በኋላ ፈልጎ ሲያገኘው ዶን 5,000 ዶላር ሰጥቶ «ተመልሰህ እንዳትመጣ» አለው። አዳም ከዚያ በኋላ ራሱን ሰቀለ። ቤቲ ስለ መሳቢያው ባፋጠጠችው ሌሊት ደግሞ ሱዛን የምትባለው አስተማሪ፣ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረው ሳለ፣ ከቤቱ ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ሳይወጣላት ቀረ፤ ሻንጣዋን ይዛ በጨለማው ብቻዋን ሄደች። የአንድ ሰው ፍርሃት ዋጋ የሚከፈለው በሌሎች ሰዎች ነው።

ደግሞም ዶን መለወጥ የማይችል ሰው አልነበረም። ከአና ጋር ሲሆን ዲክ ተብሎ ይጠራል፣ ይስቃል፣ ግድግዳ ይቀባል። ከሥራ ባልደረባው ከፔጊ ኦልሰን ጋርም አንድ ሌሊት ሙሉ ሲሠሩ አድረው ስለ አባቱ ሞት ነግሯታል፤ በማግሥቱ አና መሞቷን ሲረዳ በፊቷ አልቅሷል። ፔጊም የራሷ ከባድ ምስጢር ነበራት፤ እርሱም ጠብቆላታል። ከሁለቱ ሴቶች ጋር የፍቅር ግንኙነት አልነበረውም። ከዚህ የምንረዳው ዶን እውነት መናገር የሚችል ሰው መሆኑን ነው። የተሳነው እውነትንና ፍቅርን በአንድ ሰው ላይ ማገናኘት ነው። በ2015 በታየው የመጨረሻ ክፍል ሁሉን ጥሎ በጠፋ ጊዜ ስልክ የደወለው ለሦስት ሰዎች ነው፤ ለሳሊ፣ ለቤቲና ለፔጊ። ሦስቱም ነውሩን የሚያውቁ ናቸው። ሲጨንቀው የፈለገው የሸሻቸውን ነበር።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ስለ ኒው ዮርክ ብቻ የምናወራ እንዳይመስል። ወደ ግቢያችን ስንመጣ ስም የቀየረ ሰው አናውቅም። የአባቱን ሥራ የቀየረ ግን እናውቃለን። የተወለደበትን ወረዳ ደብቆ የዞኑን ከተማ የሚጠራ እናውቃለን። ከእኛ ከዚህ ጽሑፍ ጸሐፊዎች አንዱ፣ እናቱ በሶና ቆሎ ይዘው ከአገር ቤት ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ፣ አብራው ለቆመችው ልጅ «የሰፈራችን ሰው ናቸው» ብሎ አስተዋውቋል። እናቱ ሰምተዋል። ምንም አላሉም፤ ዕቃውን ሰጥተው፣ ልጅቷን መርቀው፣ በማታው አውቶቡስ ተመለሱ። ይኸው ጓደኛችን ከዚያ በፊት አንዲት የአገሩን ልጅ፣ ቤታቸውን የምታውቀውን፣ እናቱን «እማማ» ብላ የምትጠራውን፣ ያለ አንዳች ጠብ ትቷት ነበር። «ለምን ተውካት?» ስንለው «አልተግባባንም» ይለን ነበር። ዶን ለፌይ ያደረገውን ካየን በኋላ ግን ላፕቶፑን ዘግቶ «ስለምታውቀኝ ነው የተውኳት» አለን። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው በዚያች ምሽት ነው።

ስለዚህ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ለሚሉት ጓደኞቻችን መልሳችን አጭር ነው። ያያችሁት ድል የሚመስል ሽሽት ነው። «ባለጌ ነው» ብለው ለሚዘጉትም፣ ስድቡ ቢገባውም ገጠመኙ ከእኛ የራቀ አይደለም እንላቸዋለን። እኅቶቻችንም ቢሆኑ ከዚህ ፍርሃት ነጻ ናቸው አንልም፤ የሚደነቁበትን ሰው ይዘው የሚታወቁበትን ሲሸሹ አይተናል።

ገበናችንን ለግቢው ሁሉ እናውጅ አላልንም። ሰው ምስጢሩን ለማን እንደሚነግር መምረጥ መብቱ ነው። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ልናገባት ከምናስባት ሴት የምንደብቀው ነገር ካለ፣ የምንደብቀው እርስዋ ስለማትችለው ነው ወይስ እኛ ስላልቻልነው ብለን ብንጠይቅ ይበጃል። ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት ወደ አገር ቤት ደውሎ እናቱን ይቅርታ ጠይቋል። እናቱም «የምን ይቅርታ ነው? በሶው ደረሰህ ወይ?» ብለው ጠየቁት እንጂ ሌላ አላሉትም። ለአገሩ ልጅ ግን እስካሁን አልደወለም። እንዲደውል እየመከርነው ነው።