ብርድ ለሌዘር ይበጃልን?

ስለ ሌዘር ቤተ ሙከራ በተነጋገርን ቁጥር «የደብረ ብርሃን ብርድ ማቀዝቀዣ ይቆጥባል» የሚል አሳብ አይጠፋም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አሳቡ እውነት ይመስላል። እኛ ግን ግማሽ እውነት ነው እንላለን፤ የቀረው ግማሽ ተማሪውን ከዋናው ፊዚክስ ያርቀዋልና።

ኒዮዲሚየም የተቀላቀለበት የያግ ክሪስታል 808 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ውጦ በ1,064 ናኖሜትር ሌዘር ያመነጫል። ከተዋጠው ኃይል ሩብ ያህሉ ግን ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ጠርዙ በመዳብ መያዣው ስለሚቀዘቅዝ መካከሉ ከጠርዙ ይልቅ ይግላል። የያግ የብርሃን ስብረት መጠን በየዲግሪው የሚጨምረው ከመቶ ሺህኛ በታች ነው፤ ሆኖም ይህ ኢምንት ለውጥ ጠፍጣፋውን ክሪስታል ሰብሳቢ ሌንስ ያደርገዋል። እናስላው፦ 10 ዋት ብርሃን በሩብ ሚሊሜትር ራዲየስ ውስጥ ቢዋጥና 2.4 ዋቱ ሙቀት ቢሆን፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ በግማሽ ያጥራል። ይህን ሳያስቡ መስተዋቶቹን ያቆሙበት ሌዘር ኃይል ሲጨመርለት ጨረሩ ይበላሻል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

እንግዲህ ሌንሱን የሚፈጥረው ሙቀቱ ሳይሆን የሙቀት ልዩነቱ ነው። የክፍሉ አየር ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ መካከሉም ጠርዙም አብረው ይወርዳሉ፤ ልዩነቱ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቆያል። በዚያም ላይ የደብረ ብርሃን አየር ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከባሕር ጠረፉ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ሊጎዳም ይችላል። ብዙዎቹ አረንጓዴ ሌዘር ጠቋሚዎች በውስጣቸው እንዲህ ያለ ክሪስታል አላቸው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ደብዘዝ የሚሉት ዳዮዱ ሲቀዘቅዝ የሞገድ ርዝመቱ ክሪስታሉ አጥብቆ ከሚውጠው ከ808 ናኖሜትር ስለሚሸሽ ነው።

ስለዚህ የካታሎግ ቁጥር ገልብጦ በሪፖርት ማስፈርን አንደግፍም፤ ይለካ እንላለን። ልኬቱ ከባድ አይደለም። ደካማ ቀይ የሂሊየም ኒዮን ጨረር በክሪስታሉ ውስጥ አሳልፎ የት እንደሚሰበሰብ መፈለግ፣ ኃይሉን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ የትኩረት ርቀቱን ግልባጭ በግራፍ ላይ ማስፈር ነው። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ ደግሞ የበለጠ ትምህርት አለ።

ክሪስታል የሌለው ትምህርት ቤትስ? ክስተቱ በመጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1965 በቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሲሆን፣ የተጠቀሙትም ፈሳሾችን ነበር። በደንብ የተጣራ ቀጭን ሻይ በመስተዋት ብርጭቆ አድርጉ፤ የአረንጓዴ ጠቋሚን ጨረር በአንድ ሌንስ ሰብስባችሁ አሳልፉበት። በግድግዳው ላይ ያለው ነጥብ ቀስ እያለ ሲሰፋ ታያላችሁ፤ ፈሳሽ ሲሞቅ የስብረት መጠኑ ስለሚቀንስ ሌንሱ በታኝ ይሆናልና። አየርም እንዲሁ ነው። በቀትር ከአንኮበር አፋፍ ወደ አፋር ቆላ ሲመለከቱ የሩቁ ምድር የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሙከራውን ስትሠሩ ጨረሩንም ሆነ ከብርጭቆው የሚንጸባረቀውን ፈጽሞ በዓይን እንዳትቀበሉ። ከርካሾቹ ጠቋሚዎች አንዳንዶቹ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ሳያጣሩ ይለቃሉ።